ስኳር የገባበት የበቆሎ ዳቦ

በዊሎ ፎርክ ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚጠየቀው «ምን ሆኖ ሞተ?» አይደለም፤ «የቀብር ምሳውን ድሬሲንግ ማን ይሰራል?» ነው። እሱም ለወጉ ያህል ነው እንጂ መልሱን የማያውቅ የለም። ሞዜል ታርፕሊ ናታ! ሌላ ማን ሊሆን ኖሯል?

ሞዜል ጆርጂያ ቀይ አፈር ላይ ተወልዳ፣ ቀይ አፈር ላይ አግብታ፣ ባሏን ሆሴያን እዚያው ቀይ አፈር ውስጥ ያስገባች ሴት ናት። አጭር፣ ደልደል ያለች፣ ስትቆጣ አንድ ቅንድቧን ብቻ የምታነሳ። ሆሴያ በሕይወት ሳለ ጎሚስታ ቤት የነበረች ክፍል ነበረችው፤ የጎማውን ጥላሸት ፍቀው ፍቀው ምግብ ቤት አደረጓት። መስኮቱ ላይ በቀይ ቀለም «ሞዜል» ብሎ ጻፈ፣ አለቀ። «ምግብ ቤት» አይልም፣ «እንኳን ደህና መጡ» አይልም። ሰዉም «ምግብ ቤት እንሂድ» ማለቱን ትቶ «ሞዜል ጋ እንሂድ» ማለት ጀመረ።

እዚያ ቤት አንድ ሥጋ ትመርጣለህ፣ ከጎኑ ሦስት ማባያ ትመርጣለህ፣ ከዚያ አፍህን ይዘህ ትቀመጣለህ። የተጠበሰ ዶሮ፣ በተጨሰ የአሳማ እግር የተቀቀለ ጎመን፣ መኮሮኒ በቺዝ፣ የተጠበሰ ባሚያ። ጎመኑን በሦስት ውሃ ታጥበዋለች። አንድ ቀን አንድ መንገደኛ «ይሄ ሁሉ ማጠብ ምን ያደርጋል?» ቢላት፣ «አሸዋ የሚበላ ዶሮ ነው፤ አንተ ዶሮ ነህ?» አለችው። ሰውዬው እስኪወጣ ድረስ ቀና አላለም ይባላል።

ድሬሲንጉ ግን ሌላ ነው። የበቆሎ ዳቦው ይጋገራል፣ አድሮ ይደርቃል፣ በእጅ ይፈረፈራል። በቢላ አይደለም፣ በእጅ! ከዚያ በዶሮ መረቅ ይለወስና ሽንኩርቱ፣ ሴለሪው፣ ቅጠላ ቅጠሉ ገብቶበት ተመልሶ ምድጃ ይገባል። ዳቦው ላይ ስኳር የሚባል ነገር ድርሽ አይልም። ይሄ በዊሎ ፎርክ ቀልድ አይደለም። የበቆሎ ዳቦ ውስጥ ስኳር የሚጨምር ሰው ኬክ ጋግሮ ዳቦ ነው እያለ የሚዋሽ ሰው ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ ሌላም ነገር ይዋሻል። ሞዜል ልጇ ቴረል አንዲት ልጅ ሊያገባ ሲል መጀመሪያ የጠየቀችው «እናቷ ስኳር ትጨምራለች?» ብላ ነው። ትጨምራለች። ጋብቻውም ብዙ አልቆየም። «ምን ብዬህ ነበር?» አለችው ሞዜል።

ታዲያ እንዲህ ምድጃ ስር እንደቆመች ኖራ ኖራ፣ ጉልበቷ «በቃኝ» አላት። ሐኪሙ ከገና በኋላ ቀደደና ብረት አስገባላት። «እስከ ፋሲካ ምድጃ አጠገብ እንዳትደርሺ» አላት። ቁስሉ ደግሞ አመረቀዘ፤ እንደገና ተከፈተ። ፋሲካ አልፎ ሙቀቱ ገባ፣ እሷ አሁንም በረንዳዋ ላይ እግሯን ወንበር ላይ ሰቅላ ተቀምጣለች።

ምግብ ቤቱን የያዘው ቴረል ነው። አርባ ዓመት የሞላው፣ ገራም፣ እናቱ ስትጠራው አሁንም የሚደነብር ልጅ። በየቀኑ ምሳዋን በሳህን ከድኖ ያመጣላታል። እሷም ጎመኑን በሹካ ጫፍ አንስታ ታሸታለች፣ ትቀምሳለች፣ እንደ ዳኛ ትፈርዳለች።

«ጨው ትንሽ ያንሰዋል።»

«እሺ እማ።»

«ዳቦውን ቀድመህ አውጥተኸዋል። ጠርዙ ቡኒ መሆን አለበት።»

«እሺ እማ።»

«ግን ደህና ነው» ትለዋለች መጨረሻ ላይ። ከሄደ በኋላ ደግሞ ብቻዋን ትስቃለች። ልጄ እጁ ተገራለት! ስሞት እንኳ ቤቱ አይሞትም! እንዲህ እያለች ነበር ያንን ሁሉ ወር የቻለችው። ሌላ መድኃኒት አልነበራትም።

በየእሁዱ ደግሞ ኤርሊን ትመጣለች። ኤርሊን ጋዲስ ከልጅነት ጀምሮ ጓደኛዋ ናት፤ በመዘምራኑ ውስጥ ወፍራሙን ድምፅ የምትይዝ፣ ባርኔጣዋ ከሷ ቀድሞ በር የሚገባ።

«ኤርሊን፣ ዛሬ ከቤተክርስቲያን በኋላ የት በላችሁ?»

«የት እንበላለን? አንቺ ጋ ነዋ!»

«እንዴት ነበር?»

«እንደተውሽው ነው፤ ሰዉ በር ላይ ተሰልፏል። ዲያቆን ሩፈስ ሁለት ሳህን በልቶ ቀበቶውን ፈቶ ተቀመጠ። ሴት አለ፣ ልጅ አለ፣ አያፍርም!»

ሞዜል ስቃ ስቃ ጉልበቷን ትይዛለች። ኤርሊን ግን ይሄን ካለች በኋላ ሁልጊዜ ስለ ባርኔጣ ማውራት ትጀምራለች። ሞዜልም አልጠረጠረችም። ጓደኛ ናታ፤ ምን ብላ ትጠርጥር?

በሐምሌ የኤርሊን ልብ ደከመ። አልጋ ላይ ዋለች። ሞዜል በምርኩዝ እየተጎተተች ሄዳ አጠገቧ ቁጭ አለች።

«ለቀብሬ ድሬሲንግሽን እፈልጋለሁ» አለች ኤርሊን።

«ማን ሊቀበር ነው? ዝም በይ።»

«ያንቺን ነው ያልኩሽ። የእጅሽን።»

«ታዲያ በእግሬ ልሰራው ነው? እግሬ እንደሆነ ታይዋለሽ!»

ኤርሊን ሳቀች፤ ሳቁ ሳል ሆነባት። ከሳሉ ስትወጣ የሞዜልን እጅ ያዘች፤ አንድ ነገር ልትል ከንፈሯን ከፈት አደረገች። ከዚያ «ሰማያዊ ባርኔጣዬን አድርጉልኝ፣ ቡኒውን አይደለም» አለች። በሳምንቱ ሞተች።

ሞዜል ወሬውን እንደሰማች አልተቀመጠችም። ምርኩዟን ግድግዳ ላይ አስደግፋ የበቆሎ ዱቄት ማውረድ ጀመረች። ቴረል ደረሰባት።

«እማ! ምን እያደረግሽ ነው?»

«የኤርሊንን ድሬሲንግ ልጋግር ነው። ምን አደርጋለሁ፣ ልጨፍር?»

«ስንት ሰው እንደሚመጣ ታውቂያለሽ? የሦስት ቤተክርስቲያን መዘምራን ነው የሚመጣው። እንኳን አንቺ በዚህ እግርሽ፣ ፈረስም አይችለውም። በዚያ ላይ ነገ መቃብር ላይ ቆመሽ አትውዪም? ወይ ቀብሩን ወይ ድስቱን ምረጪ።»

ሞዜል ጉልበቷን አየችው። ጉልበቷ ደግሞ እንደ ዱባ አብጦ አያት።

«እንደነገርኩህ ትሰራዋለህ?»

«እንደነገርሽኝ።»

«በእጅህ?»

«በእጄ።»

«በአባትህ?»

ቴረል ዱቄቱን ከእጇ ተቀብሎ መልሶ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠ። «በአባቴ» አለ።

ከዚያ ሁሉንም ነገረችው፤ ዳቦው እንዴት ይደር፣ መረቁ ትኩስ ሆኖ ይፍሰስ፣ ሲፈረፈር ትልቁም ትንሹም ይኑር፣ ሁሉ አንድ ዓይነት አይሁን። ቴረል ራሱን እየነቀነቀ ሰማ። እሷም በአባቱ የማለ ልጅ ነው ብላ ተኛች።

ቀብሩ አለፈ። ሰማያዊ ባርኔጣዋን አድርጋ አፈር ገባች ኤርሊን፤ ያለ እሷ መዘምራኑ ጎማው እንደተነፈሰ መኪና ጎርበጥ ጎርበጥ እያሉ ዘመሩላት። ከመቃብር መልስ ሰዉ ወደ ቤተክርስቲያኑ አዳራሽ ገባ። ቀብር አስፈጻሚው ድርጅት ያደለውን የወረቀት ማራገቢያ እያርገበገበ፣ ጫማውን ከጠረጴዛ ስር እያወለቀ ተቀመጠ።

በዊሎ ፎርክ የቀብር ምሳ ላይ ማንም ሰው የማን እጅ እንደሆነ ሳያውቅ ማንኪያ አያነሳም። ጓንት ያደረጉት ሴቶች ከትሪዎቹ ኋላ ይቆማሉ፣ አንተ ደግሞ በጣትህ እያሳየህ ትጠይቃለህ።

«የድንች ሰላጣው የማነው?»

«የእህት ቨርና።»

«ዘቢብ የለበትም?»

«ኧረ የለበትም! እህት ቨርና ናት ስልህ!»

«እሺ አድርጊልኝ። መኮሮኒውስ?»

«የዲያቆን ሩፈስ ምራት።»

«እ… ዛሬ ይቅርብኝ፤ ሆዴን ትንሽ…»

«ድሬሲንጉ የሞዜል ነው!»

ሞዜል ፊት ካለው ጠረጴዛ ላይ ሆና ስሟ ሲጠራ ሰማች። ደስ አላት፤ ሐዘኗ ላይ ትንሽ ቅቤ የተቀባበት መሰላት። ግን ዓይኗ የምግብ ቤት ሰው ዓይን ነው። ሰዉ ትሪውን አልፎ ሲሄድ ታያለች። የድንች ሰላጣው ተጠርጎ ብረቱ ታየ። ዶሮው አለቀ። የምራቲቱ መኮሮኒ እንኳ ጎደል ብሏል። የድሬሲንጉ ትሪ ግን ከዳር ዳር እየተነካካ መሃሉ እንደ ሜዳ ተኝቷል። አንድ ማንኪያ፣ ለይሉኝታ። የሚደግም የለም።

«ሐዘን ነው፣ ሰው አልበላ ብሎት ነው» አለች ለራሷ። ዲያቆን ሩፈስን አየች፤ ሦስተኛ ጭን ዶሮ ይግጣል። ሐዘን አይደለም።

ሳህኗን ሳበች። ድሬሲንጉ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን ሆኖ ተደርድሯል፤ ሁሉም እኩል፣ እንደ ጡብ። ቀመሰችው። ጣፈጣት። ማለት ጣፋጭ ሆነባት። ስኳር።

ሁለተኛ አልጎረሰችም። የጎረሰችውንም እንዴት እንደዋጠችው አታውቅም።

ልክ በዚህ ጊዜ ፓስተር ፒትማን ማይክሮፎኑን መታ መታ አደረጉት። ሳህናቸው ገና አልተነካም፤ ንግግር ቀድሟቸዋል።

«ወገኖቼ፣ ምግቡን ሳናመሰግን አንሄድም! እህት ኤርሊን አልጋዋ ላይ ሆና ለኔ ለፓስተሯ 'መንግሥተ ሰማያትም ብሆን የሞዜልን ድሬሲንግ አሸተዋለሁ' ብላኛለች። እህት ሞዜል በዚያ በታመመ እግሯ ይሄን ሠርታ ቃሏን ጠበቀች! እህት ሞዜል፣ ተነሺ! አጨብጭቡላት!»

ጭብጨባው መጣ። ግን ምን ዓይነት ጭብጨባ? ሰዉ እጁን እያጨበጨበ ዓይኑን ጠረጴዛው ላይ ተክሏል። ቴረል በኩሽናው በር ቆሞ ፎጣ ይጠመዝዛል። ሞዜል አየችው። ዓይኑን ሰበረ።

ይሄኔ ነው የገባት። ከተነሳችና አንገቷን ነቅነቅ አድርጋ ከተቀመጠች፣ ያ ትሪ ላይ ያለው ነገር የእሷ ይሆናል። በኤርሊን ቀብር፣ በስሟ። «የኔ አይደለም» ካለች ደግሞ የገዛ ልጇን በአገር ፊት ማዋረዷ ነው። ያንኑ በአባቱ የማለላትን ልጅ። ከተናገረች ቴረልን ትከዳለች፣ ዝም ካለች ኤርሊንን።

ተነሳች። ማይክሮፎኑን ሰጧት።

«ይሄ የኔ አይደለም» አለች።

አዳራሹ ሳቀ። «ትህትና!» አለ አንዱ። ዲያቆን ሩፈስ የዶሮ አጥንቱን ወደ ሰማይ ዘረጋና «እጁ የእግዚአብሔር ነው ማለቷ ነው! አሜን በሉ!» አለ።

«አሜን!»

«ሩፈስ፣ እግዚአብሔርን በዚህ አታነካካው» አለች ሞዜል። «ስኳር አለበት።»

ማራገቢያው ሁሉ ቆመ። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ሰው ተሰድቦ ያውቃል፣ ሰው ተካስሶ ያውቃል፣ አንዴ ሁለት ሚስት ያለው ሟች ላይ ሁለቱም መጥተው ያውቃሉ፤ እንዲህ ያለ ጸጥታ ግን አልነበረም። ፓስተሩ ሳህናቸውን ቁልቁል አዩት፤ ገፋ አደረጉት።

ከኋላ በኩል የኤርሊን ታናሽ እህት ኩዊን ኤስተር ብድግ አለች። የሐዘን ልብሷን እየሳበች መጣችና ክንዷን ያዘቻት።

«ነይ ሞዜልዬ፣ ተቀመጪ። እናውቃለን።»

«ምኑን ነው የምታውቁት?»

«እናውቃለን ውዴ። ከፋሲካ ጀምሮ እናውቃለን።»

ሞዜል አልተቀመጠችም። ምርኩዟን አንስታ ቀጥ ብላ ወደ ኩሽናው ሄደች። ቴረል ወደ ኋላ እየሸሸ ገባ፤ እሷ ተከተለች፤ ኩዊን ኤስተርም ተከተለች፤ ዲያቆን ሩፈስ ማንም ሳይጠራው በሩ ላይ ተለጠፈ።

«ማነው የሰራው?»

«እማ…»

«ማነው አልኩህ?»

«ማንም። በከረጢት ነው የሚመጣው፤ በረዶ ሆኖ። መረቅ ታፈስሽበታለሽ፣ ምድጃ ታስገቢዋለሽ።»

«ጎመኑስ?»

«እሱም።»

«መኮሮኒው?»

ቴረል ፎጣውን ጠመዘዘ።

«ዶሮው?»

«ዶሮውን እኔ ነኝ የምጠብሰው!» አለ ቶሎ ብሎ። ከዚያ ድምፁ ወረደ። «ዱቄት ተነክሮ ነው የሚመጣው። የምጠብሰው ግን እኔ ነኝ።»

«ሆሴያ ይሄን ሰምተሃል?» አለች ሞዜል ወደ ጣሪያው።

«እማ፣ ሞክሬያለሁ እኮ! መጀመሪያ ላይ ሁሉን በእጄ ሰርቼ ነበር። ዲያቆን ሩፈስ ቀምሶ 'ይሄ የእናትህ አይደለም' ብሎ ሳህኑን መለሰው። ሰው ሁሉ እየሰማ! ጎመን እያጠብኩ ነግቶብኝ፣ ጣቴ ተላልጦ! ማግስቱን ተናድጄ የከረጢቱን አቀረብኩለት። ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? 'አሁን መጣህ ልጄ!' አለኝ።»

ሞዜል ወደ በሩ ዞረች። ዲያቆን ሩፈስ ማራገቢያውን አፉ ላይ አደረገ።

«እኔ ከረጢት መሆኑን መች አወቅኩ ሞዜል!»

«ስታውቅስ?»

«ሳውቅማ…» አለ ዲያቆኑ እግሩን እያየ። «ለምጄው ነበራ።»

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይላሉ፤ የሞዜል ፈረስ ግን አንድ አይደለም፣ ሙሉ በረት ነው። ጉሮሯቸውን ሞልታ ያሳደረቻቸው ሰዎች! የስንቱን ልጅ ጥርስ ያስወጣችው በዚያ ጎመን መረቅ ነው! እነሱ ግን የሳህኑ ስም እስካልተቀየረ ድረስ ሳህኑ ላይ ያለው ምንም ቢሆን ግድ አልነበራቸውም።

«ታዲያ ለኔ የምታመጣልኝስ?» አለችው ልጇን። «ምሳዬ? እሱንም ከከረጢት?»

ቴረል ፊቱ ትንሽ በራ፤ እንደ መውጫ በር ያገኘ ሰው። «ያንቺንማ በእጄ ነው የምሰራው እማ! ጠዋት ጠዋት፣ ለብቻው፣ በትንሽዋ ድስት። በሦስት ውሃ አጥቤ። አንድ ቀን እንኳ ከረጢት አልሰጠሁሽም፣ በእውነት!»

እናቴ ደስ ይላታል ብሎ ነበር። ሞዜል ግን ጠረጴዛውን ያዘች።

«ስለዚህ ትችላለህ» አለች።

ቢያቅተው ኖሮ ይቅር ትለው ነበር። ሰው ያቅተዋል። ግን ልጁ ያውቅበታል። ያወቀበትን በአንዲት ድስት ቋጥሮ፣ እሷን በረንዳ ላይ እንደ ሕፃን ጡጦ ሲያጠባት ከረመ። እሷ ደግሞ «ጨው ያንሰዋል» እያለች ስትፈርድ! የምትፈርድበት ድስት ሌላ፣ ስሟ የተጠራበት ድስት ሌላ።

«ለምን አንዳችሁ አልነገራችሁኝም?» አለች ኩዊን ኤስተርን። «አንዳችሁ?»

«ተነስተሽ ትሮጫለሽ ብለን ነው። በዚያ ጉልበትሽ። ሐኪሙ ከወደቀች እግሯ ይቆረጣል ብሎ የለም? ከዚያ ደግሞ ቀኑ እየሄደ… አንዴ ያልተናገሩትን ነገር በኋላ እንዴት ተብሎ ይነገራል? ቤቱ ቢዘጋስ? በዚህ ከተማ ሌላ የት እንቀመጣለን ሞዜል?»

«ኤርሊን ግን አታውቅም ነበር» አለች ሞዜል። ጥያቄ አልነበረም። ልመና ነበር።

ኩዊን ኤስተር ጓንቷን አወለቀች፣ መልሳ አጠለቀች።

«ሞዜልዬ…»

«ተናገሪ።»

«መጀመሪያ ያወቀችው እሷ ናት። በፋሲካ እሁድ አንድ ጉርሻ ጎርሳ ሹካዋን አስቀመጠች። ከዚያ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ እየዞረች 'ለሞዜል የነገረ ሰው ከኔ ጋር ተቆራረጠ' እያለች ያስማለችን እሷ ናት።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። አገሩ ሁሉ የሚያውቀውን ሞዜል የሰማችው ነጋሪዋ ከተቀበረች በኋላ። እየመጣች «እንደተውሽው ነው» ያለቻት፣ ያሳቀቻት፣ የዲያቆኑን ቀበቶ ያወራችላት ኤርሊን። ያ ሁሉ ባርኔጣ፣ ባርኔጣ! አሁን ኤርሊንን ምን ትላታለች? አፈር ውስጥ ገብታለች። ሰው የሞተ ጓደኛውን እንዴት ይኮንናል?

«አንድ ቃል እኮ ነው» አለች ሞዜል። «'ስኳር' ብትለኝ በቃኝ ነበር።»

ቴረል ሊይዛት እጁን ዘረጋ።

«እማ፣ ከነገ ጀምሮ ሁሉንም በእጄ እሰራለሁ። በአባ…»

«በአባትህ እንዳትል!» ቅንድቧ ተነሳ። ያ ትልቅ ሰውዬ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለ። «ቤቱ ያንተ ነው። ምድጃውም ያንተ፣ ድስቱም ያንተ። ከመስኮቱ ላይ ስሜን ፍቀህ አውርደው።»

«ያለ ስምሽ ማን ይገባል እማ?»

«ከረጢቱ ላይ የተጻፈ ስም የለም? እሱን ጻፈው።»

ቴረል ማልቀስ ጀመረ። የሞዜልን አንጀት የልጇ ለቅሶ አልበላውም ማለት ውሸት ነው፤ ወላጅ ናት። አንድ እጇ ሳታዝዘው ወደ ፊቱ ሄዶ ነበር። መለሰችው፤ ምርኩዟን ጨብጣ ወጣች።

አዳራሹ ውስጥ ሰዉ የሚወስደውን ሳህን በፎይል መሸፈን ጀምሯል። እሷ ስታልፍ ፎይሉ መንኮሻኮሹን አቆመ። ሁሉም መንገድ ለቀቀላት፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ቸር ሆነ።

«እኔ ላድርስሽ ሞዜል!»

«በኔ መኪና፣ ወንበሩ ሰፊ ነው፣ እግርሽን ትዘረጊያለሽ!»

«እህት ሞዜል፣ ከኔ ጋር» አሉ ፓስተሩም፣ አፋቸውን በመሃረብ እየጠረጉ።

«እርስዎም ያውቁ ነበር?» አለቻቸው።

ፓስተሩ ለእንዲህ ያለ ጥያቄ የተዘጋጀ ጥቅስ አልነበራቸውም። «እኔ… ሞዜል ጋ የምበላው ረቡዕ ረቡዕ ብቻ ነው» አሉ።

ደጅ ወጣች። ፀሐዩ ጭንቅላት ይበሳል። መኪናዎቹን አየቻቸው፤ የሁሉንም ባለቤት ታውቃለች፣ ሁሉንም አብልታዋለች፣ ሁሉም ያውቅ ነበር። የማን መኪና ውስጥ ትገባለች? በእግሯ እንዳትሄድ መንገዱ ሩቅ ነው፣ ጉልበቷም አይታዘዛትም።

ዛፉ ጥላ ስር ጥቁሩ የሬሳ መኪና ቆሟል። ሹፌሩ ከሌላ አውራጃ የመጣ ልጅ እግር ሰው ነው፤ ሎኒ ይባላል። ከረቫቱን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ ደጅ ያወጡለትን ሳህን በጣቱ እየጠረገ ነበር። አዳራሹ ውስጥ የሆነውን አልሰማም።

«ልጄ፣ ወደ ከተማ ነህ?»

«አዎ እማማ። ግን ይሄ እኮ…» መኪናውን አየ። «የሬሳ ነው።»

«ከኋላ አልሄድም፣ ከፊት ነው የምቀመጠው።»

ሎኒ ሳህኑን አስቀመጠና በር ከፈተላት። ደግፎ አስገባት። ሰዉ ሁሉ ከአዳራሹ ደረጃ ላይ ቆሞ ሞዜል ታርፕሊ በሕይወት ሳለች በሬሳ መኪና ስትሄድ አየ። ዲያቆን ሩፈስ ከልማድ የተነሳ ባርኔጣውን አወለቀ።

ትንሽ እንደሄዱ ሎኒ ወሬ ጀመረ።

«ዘመድዎ ነበሩ?»

«ጓደኛዬ።»

«እግዜር ያጽናዎት።» ማርሽ ቀየረ። «በሐዘን ቀን አይባልም እንጂ፣ ምግቡ ግን ጉድ ነው እማማ። በተለይ ያ ድሬሲንግ! ሁለቴ ነው ያስጨመርኩት።»

ሞዜል አንገቷን ቀስ አድርጋ አዞረች።

«እናትህ ስኳር ትጨምራለች?»

«የበቆሎ ዳቦ ላይ? እንዴታ! ያለ ስኳር ምኑ ይበላል?»

ቅንድቧ ሊነሳ ብሎ ተወው። ቢያንስ ይሄ ልጅ ፊት ለፊቷ ነው የተናገረው። «ጎሽ» አለችው። «ንዳ።»

መኪናው ወደ ከተማው ገባ፤ ከቀብር ጉዞ ሌላ አልለመደምና ቀስ እያለ ይሄዳል። ጥግ ላይ ሲደርሱ ሎኒ መስኮቷ ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈባትን ቤት በአገጩ አሳየ።

«እዚያ ቤት ጥሩ ምግብ አለ ይባላል። ባለፍኩ ቁጥር ልግባ ልግባ እላለሁ። እንዴት ነው፣ ደህና ነው?»

ሞዜል ዓይኗን ከመንገዱ አላነሳችም።

«አላውቅም» አለች። «በልቼበት አላውቅም።»